መሐላና ብርዝ

ወይዘሮ አመተሥላሴ ጠዋት ተነሥተው መስተዋት ሲያዩ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ቢጫ ሆነው አገኟቸው። በዚያ ሰሞን ዘመሮ ከተማ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ብርቅ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ቢጫ ነው፣ የባጃጁ ሾፌር ቢጫ ነው፣ ሁለት መምህራንና አንዲት አዲስ ሙሽራ ቢጫ ናቸው። የእነሱ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ወር በፊት መሲ ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ከድግሷ በልተዋል፣ ጠጥተዋል። የወይዘሮ አመተሥላሴ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እሳቸው የመሲ አማት ናቸው፤ የተጠመቀችው ሕፃን ሲናም የልጃቸው የበኃይሉ ልጅ ናት፤ ሆኖም ክርስትናው ላይ አልተገኙም። ያልተገኙት ሳይጠሩ ቀርተው አይደለም፤ "የዚህን ቤት ደጃፍ ብረግጥ፣ እህል ውሃውን ብቀምስ ሥላሴ ይፍረዱብኝ" ብለው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ስለማሉ ነው። እንግዲህ ያልበላ ሰው ከበሉት ጋር እኩል ሲበጫ ምን ይባላል?

መጀመሪያ ጥፋቱ የመስተዋቱ መስሏቸው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄዱ፤ በብርሃን ሲያዩት ባሰ። የሚኖሩባት ክፍል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ያለች ጠባብ የኪራይ ቤት ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሟች ባለቤታቸው የመሪጌታ መቋሚያ። ሲገቡ ኪራዩ ስምንት መቶ ብር ነበር፤ አከራዩ "ሁሉም ነገር ጨምሯል" ብሎ ሺህ ሁለት መቶ አድርሶታል፤ ክፍሏ ውስጥ የጨመረው ግን ብርዱ ብቻ ነው። ሰሞኑን ድካምና ማቅለሽለሽ ሲሰማቸው ጥፋቱን በዚሁ በመንዝ ብርድ ላይ ጥለው የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው ተኙ። የዘይት ሽታ ሲያስጠላቸው ዘይቱ ተበላሽቷል አሉ። ሽንታቸው እንደ ደማቅ ሻይ ሲሆን ውሃ ባለመጠጣቴ ነው አሉ። አሁን ግን ዓይን ላይ ወጣ፤ ዓይን ደግሞ እንደ ሌላው አካል በቀሚስ አይሸፈንም። ሣጥኑን ከፍተው የዓይን ሞራ ባስገፈፉ ጊዜ የተሰጣቸውን ጥቁር መነጽር ከታች አወጡና አደረጉት። ክፍሏ ቀድሞውንም ጨለማ ስለነበረች ወዲያው ምድጃውን ረገጡት።

ምድጃውን ሲያቀኑ ኮከቤ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ኮከቤ ማርና ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ሱቋ ከመሲ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ነው። መሲ የባሏን ቤት ሳሎን ምግብ ቤት አድርጋ፣ የመሪጌታ መጻሕፍት በነበሩበት ግድግዳ ላይ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን የሰቀለች ጊዜ፣ ወይዘሮ አመተሥላሴ ያንን መሐላ ምለው ሣጥናቸውን አስይዘው ወጡ፤ የሣጥኑን አንዱን ጫፍ የያዘችው ኮከቤ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ ወዳጃቸው እሷ ብቻ ናት። ኮከቤ መሲን የምትጠላበት የራሷ ምክንያት አላት፤ አንድ ቀን መሲ ገበያተኛ በቆመበት "ኮከቤ፣ ቅቤሽ ሙዝ ሙዝ ይላል" ብላታለች። እንዲህ ያለውን ንግግር ቅቤ ነጋዴ እስከ መቃብር አትረሳውም። በዚህ ምክንያት ጠዋት ጠዋት የመሲን ወሬ ይዛ ወደ አማቲቱ ትመጣለች፤ ወይዘሮ አመተሥላሴም ወሬውን እንደማይፈልጉ ሆነው ይሰማሉ። የልጅ ልጃቸው ጥርስ ማውጣት አለማውጣቷን የሚያውቁት በዚሁ ወሬ ነው።

"እትዬ አመተ፣ ዛሬ ነው ቀኑ!" አለች ኮከቤ ገና ሳትቀመጥ። "ከሰዓት በኋላ የጤና ሰዎች መጥተው ቤቷን ሊያሽጉት ነው። እኔው ራሴ ነኝ ሄጄ ያመለከትሁት። ሰው እንዲህ እስኪበጫ ዝም ይባላል?"

"ሊያሽጉት?"

"ያሽጉታላ! እጇን ሳትታጠብ ነው የምትሠራው ስል እስከ ዛሬ አልሰማ ብለውኝ ነው እንጂ። የራሷ ዓይን ግን እንደ ወተት ነጭ ነው። ሠሪዋ ደኅና፣ በይው በሽተኛ! እርስዎን እንኳን እግዜር አወጣዎ። ያ መሐላ ባይኖር ዛሬ እርስዎም ከእነዚያ ጋር አልነበሩ? እኔማ ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው፤ በቃሏ የጸናች ሴት ማየት የፈለገ እትዬ አመተን ይይ እያልሁ።" ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻቸው። "ይሄ መነጽር ደግሞ ምንድነው?"

"ነፋስ መትቶኝ ነው።"

ኮከቤ ስትሄድ ወይዘሮ አመተሥላሴ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። የመሲ ቤት መታሸግ ሊያስደስታቸው ይገባ ነበር፤ ለመደሰትም ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። በኃይሉ መምህር ነው፤ የመምህር ደመወዝ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ እንደሚያልቅ እናቱ ያውቃሉ። ያቺ ቤት ብትዘጋ ሲና ምን ልትጠጣ ነው? ይህን አስበው ሳይጨርሱ የራሳቸው ነገር መጣባቸው። ሰው ቢጫነታቸውን ቢያይ ያ ሁሉ ክብር በአንድ ጊዜ መሳቂያ ይሆናል፤ ኮከቤም ትሄዳለች፤ ከኮከቤ ሌላ ደግሞ በራቸውን ከፍቶ የሚገባ የለም። እንደ ዕድል ሆኖ በእኛ አገር ይህ በሽታ ስሙ የወፍ በሽታ ነው። የሌሊት ወፍ በሰው ራስ ላይ ስታልፍ ጥላዋ ያረፈበት ሰው ይበጫል ይባላል። ወፍ ድግስ አትጠራም፣ ስለ መሐላም አትጠይቅም። ወይዘሮ አመተሥላሴ ይህ ሲታያቸው ልባቸው ቀለል አለ፤ ባናቸውን ደርበው የወፍ መድኃኒት ወደሚሰጡት ወደ ጋሽ ፈንታ ቤት ተነሡ። ጋሽ ፈንታ ቅጠል ጨምቀው ያጠጣሉ፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን "ወፍ ናት" ብለው መመስከራቸው ነው።

መንገዱ አጭር ነበር፤ መነጽሩ አስረዘመው። አንድ አህያ ሰው መስሏቸው "እንደምን አደሩ" አሉት፤ የአህያው ባለቤት ከኋላ መለሰላቸው። የጋሽ ፈንታ ግቢ ሲደርሱ በሩን ገፉና እዚያው ቆመው ቀሩ። አግዳሚው ወንበር ላይ የክርስትናው ድግስ እንዳለ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው፣ የባጃጁ ሾፌር፣ ሁለቱ መምህራን፣ ሙሽራዋ ከነባሏ፤ ሁሉም በቢጫ ዓይን ወደ በሩ ዞሩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ ወይዘሮ አመተሥላሴም ወደ ኋላ ሊመለሱ ሲሉ ልብስ ሰፊው ቀደማቸው።

"እትዬ አመተ! እርስዎም?"

"እኔ ለራስ ምታት ነው የመጣሁት" አሉ ቆፍጠን ብለው።

ቦታ ተለቀቀላቸው። ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጡና መነጽራቸውን በአንድ ጣት ወደ ላይ ገፉት። ጋሽ ፈንታ ገና ቅጠሉን እየወቀጡ ሳሉ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጽናት ቦርሳዋን አንግታ መጣች። ሕመምተኞቿ ሁሉ እዚህ እንደሚገኙ ሰምታ ነው፤ ለማኩረፍ ጊዜ አልነበራትም። የታመመው ጉበት መሆኑን፣ በታመመ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መጠጣት የባሰ እንደሚጎዳ፣ ዕረፍትና ፈሳሽ እንጂ ሌላ እንደማያስፈልግ ነገረቻቸው። ጋሽ ፈንታ ሙቀጫቸውን አቁመው ከአያታቸው የወረሱት እውቀት መሆኑንና ይህ የወፍ ሥራ መሆኑን አስረዱ።

"ጋሼ፣ አንዲት ወፍ ይሄን ሁሉ ሰው?" አለች ጽናት።

"መንጋ ትሆናለች" አሉ ጋሽ ፈንታ።

ጽናት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስለ በሽታው አስረዳች። ቫይረስ ነው አለች፤ ከትንንሾቹ ሁሉ ትንሽ የሆነ፤ ከታመመ ሰው ሰገራ ይወጣና በውሃ ወይም ባልታጠበ እጅ አድርጎ ሌላው ሰው አፍ ይገባል፤ ገብቶም ወር ያህል አድፍጦ ከርሞ ነው ዓይን ላይ የሚወጣው። ፈልቶ የበሰለ ነገር ላይ ይሞታል። ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅባቸው ያልፋል፤ አዋቂ ላይ ነው እንዲህ የሚበረታ። ዘመዶችም አሉት አለች፤ አንዱ የጉንፋን ነው፣ አንዱ ልጆችን ሽባ ያደርግ የነበረው ፖሊዮ ነው፣ አንዱ ደግሞ ከብቶቻችሁን የሚይዘው አፍተግር ነው።

"እንግዲያ ትልቅ ቤተሰብ ናቸዋ!" አለ ልብስ ሰፊው።

"ትልቅ ናቸው" አለች ጽናት፤ "ሁሉም በየቤቱ ሳይጠራ ይገባል።"

ቀጥላ እያንዳንዱን ሰው ድግሱ ላይ ምን እንደቀመሰ ጠየቀች። እዚህ ላይ ሥራዋ ተበላሸ። ልብስ ሰፊው ዶሮውንም፣ ቅቅሉንም፣ ሰላጣውንም፣ ጠላውንም፣ ብርዙንም ቀምሷል። የባጃጁ ሾፌር ሁሉንም ሁለት ጊዜ ቀምሷል። ሙሽራዋ ብዙም አልበላሁም ብላ ጀምራ ስትቆጥር ግማሽ ሰዓት ፈጀች። ድግስ ሄዶ ማን ይመርጣል? ጽናት ተስፋ ቆርጣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሽታው ከመሲ እጅ የወጣ እንደማይመስላት፣ መሲ ራሷ አለመታመሟም ይህን እንደሚያሳይ፣ ግን ይህን ብቻ ይዛ ብትናገር የሚያሽጉት ሰዎች እንደማይሰሟት፣ ቤቱም ከሰዓት በኋላ እንደሚታሸግ ተናገረች። "ከዚያ ሁሉ ምግብ አንድ ነገር ብቻ የቀመሰ፣ አንድ ሰው ባገኝ" አለች፤ "አንድ ሰው! ያ ሰው ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ የት እንዳለ በዚያው ይታወቅ ነበር።"

ወይዘሮ አመተሥላሴ ብድግ አሉ። ራስ ምታቱ እንደተሻላቸው ተናገሩና ተሰናበቱ፤ ሲወጡ የበሩ መቃን ትከሻቸውን መታቸው። ከኋላቸው ልብስ ሰፊው "ጋሽ ፈንታ፣ ሴትዮዋን ገና ሳይነኳቸው ፈወሷቸው" ሲል ሰሙት።

አንድ ነገር ብቻ የቀመሰው ሰው ማን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። የክርስትናው ዕለት የእልልታው ድምፅ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ክፍላቸው ድረስ ይመጣ ነበር። በሩን ዘጉ፤ ድምፁ ግን የገባው በጣራው ነው። ቀትር ላይ መሲ ድርሻቸውን በሙሉ ሞሶብ አድርጋ ላከችላቸው። ሽታው እስከ ዛሬ ትዝ ይላቸዋል። እሳቸው ግን ጎረቤት በተሰበሰበበት ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ "በእህሏ ላይ ምያለሁ" ብለው መለሱት። ይህ ወሬ ያን ዕለት ማታውኑ ከተማውን ሞላ፤ ክብራቸውም ከፍ አለ። ክብር ግን አብሮ አያጫውትም። ሁሉም ወደ ድግሱ ሄዶ ሰፈሩ ጭር ሲል ተነሥተው በጓሮ በኩል ዞሩ። አጥሩ ላይ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ክፍተት አለ፤ በዚያ ቤት ሲኖሩ ዶሮ ሲያባርሩ የሚገቡበት ነው። ጎንበስ ብለው ገቡ። ጓዳው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ሕፃኗ ብቻ ተኝታለች። አንሥተው ታቀፏት። የመሪጌታን ግንባር ይዛ መጥታለች። ወይዘሮ አመተሥላሴ ባላቸው ሲሞት ካለቀሱት ልቅሶ የሚበልጥ እዚያ ቆመው ያለ ድምፅ አለቀሱ፤ አላፈሩምም፤ የሚያያቸው አልነበረምና።

ኮቴ ሲሰሙ ሕፃኗን አስተኝተው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። የመጣችው መሲ ናት። ልጇን ልታጠባ ተቀመጠች፤ ተቀምጣም ቀረች። ሲና ቸኩላ አትጠባም፤ ትንሽ ጠብታ ታርፋለች፣ አርፋ ትስቃለች። ከመጋረጃው ጀርባ ጀሪካንና እንስራ የተደረደረበት ቦታ ነው፤ ወይዘሮ አመተሥላሴ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ጉሮሯቸው ደረቀ። መሲ ልጇን እያሻሸች ታወራት ነበር። "አያትሽ ዛሬ አልመጡም" አለቻት፤ "ይመጣሉ ግን። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አንዳንዴ ከአፉ የወጣ ነገር ይይዘዋል።" ወይዘሮ አመተሥላሴ ምራቃቸውን ሊውጡ ፈለጉ፤ አልነበራቸውም። ከጎናቸው ያለው ጀሪካን አፉ በቀይ ጨርቅ የታሰረ የኮከቤ ጀሪካን ነው፤ ይህን ኮከቤ ያን ዕለት ጠዋት ስታልፍ አሳይታቸዋለች፤ ለጎረቤት ባዶ እጅ አይሄድም፣ የመርሐቤቴን ማር በራሴ ጉድጓድ ውሃ በርዤ ነው የምወስደው፣ የቧንቧ ውሃ ማር ይገድላል ብላ። ጨርቁን ፈትተው አጠገቡ በነበረው ጣሳ ቀስ ብለው ቀዱና ጠጡ። ሌላም ደገሙ። ግሩም ማር ነበር።

ይህን እያሰቡ ሳያውቁት ዋናው መንገድ ላይ ደረሱ። የመሲ ምግብ ቤት ደጃፍ በሰው ተሞልቷል። ሰሌዳው ላይ ሽሮ መቶ ብር፣ ፍርፍር መቶ ሃያ፣ ሻይ አሥራ አምስት ይላል፤ ከዚህ ሁሉ ግን የሚያዝዝ ሰው የለም። ሁለት የጤና ሰዎች የማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጽናት ቀድማቸው ደርሳ እየተከራከረቻቸው ነው፤ አንደኛው ሰውዬ ደግሞ በትሕትና፣ ጥርጣሬ ሳይሆን ማስረጃ እንደሚፈልጉ፣ እስኪጣራ ድረስ ቤቱ ተዘግቶ መቆየት እንዳለበት ይመልስላታል። በኃይሉ እጁን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬት ያያል። መሲ ሲናን አዝላ በሩን ተደግፋለች፤ አታለቅስም፤ ሽርጧን አላወለቀችም። አንድ ጊዜ ብቻ "እኔ ውሃዬን ሳላፈላ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ሰው ያምነኛል የሚል ተስፋ አልነበረም። ኮከቤ ከሱቋ ደጃፍ ሆና ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ታስረዳለች። ወይዘሮ አመተሥላሴን ስታይ ፊቷ በራ።

"ይኸውና! ያልቀመሱት ደኅና ናቸው፤ እዩዋቸው! መሐላቸው አዳናቸው!"

ሕዝቡ ዞሮ አያቸው። ሰውዬው ሙጫውን ወረቀቱ ላይ መቀባት ጀምሯል። ዝም ቢሉ ክብራቸው ይተርፋል፣ ወዳጃቸውም ትተርፋለች፤ የምትታሸገው የሌላ ሰው ቤት ናት። ግን የሌላ ሰው አይደለችም፤ የሲና ቤት ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዳንድ እውነት ግን እያደር የሚበጫ ነው። ወይዘሮ አመተሥላሴ መንገዱን ተሻግረው መሐል ላይ ቆሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ቢጫውን አየ። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ እሱም ከጋሽ ፈንታ ቤት ደርሶ ነበርና፣ "ወየው፣ ራስ ምታቱ!" አለ።

"ጽናት፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ። "አንድ ነገር ብቻ የቀመሰ ሰው ፈልገሽ አልነበር? እኔ ነኝ። ከዚያ ድግስ እህል አልቀመስሁም፣ ጠላ አልቀመስሁም። ብርዝ ብቻ ነው የጠጣሁት፤ ሁለት ጣሳ። የኮከቤን ብርዝ።"

"እርስዎ?" አለች ኮከቤ። "እርስዎ እዚያ የት ነበሩና? ይሄማ ወፍ ነው! ወፍ አልፋብዎ ነው!"

"ወፍ አላለፈችብኝም። ጀሪካንሽ አፉ በቀይ ጨርቅ የታሰረ ነው። መጋረጃ ጀርባ ተደብቄ ነው የጠጣሁት።"

"ምን ሊያደርጉ ተደበቁ?"

ይህን ጥያቄ ነበር የፈሩት። ወይዘሮ አመተሥላሴ ወደ ኮከቤ ሳይሆን ወደ በሩ አዩ፤ መሲ ጀርባ ላይ የታዘለችው ሕፃን አንድ እጇ ወጥቶ አየር ትጨብጣለች። "የልጅ ልጄን ልሰርቅ ገብቼ" አሉ። "ወስጄ ልሰርቃት አይደለም፤ አይቼ ነው። ናፍቃኝ ነበር። ገና ሳላያት ናፍቃኝ ነበር።"

በኃይሉ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ግን የሚያደርግበትን አላወቀም። ጽናት ግን ታውቃለች፤ ዞር ብላ ኮከቤን ውሃው ከየት እንደሆነ ጠየቀቻት። ኮከቤ ከጉድጓዷ መሆኑን በኩራት ተናገረች፤ እሷም ልጆቿም ከተወለዱ ጀምሮ ከዚያው ጉድጓድ ሲጠጡ አንድም ቀን ታመው አያውቁም አለች። ጽናት ለዚሁ ነው ያልታመሙት አለች፤ ቫይረሱ በልጅነታቸው ይዟቸው ሳያውቁት አልፏል፤ እንግዳ የሆነበት ሰው ላይ ነው የሚብሰው። ቀጥላም ከጉድጓዱ በላይ በኩል ሽንት ቤት መኖር አለመኖሩን ጠየቀቻት። ኮከቤ ወደ ግቢዋ ዞር ብላ አየች። "አዲሱ… አዲሱ ከላይ ነው" አለች። የጤናው ሰውዬ ሙጫ የተቀባውን ወረቀት የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ትንሽ አየው፤ በመጨረሻ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ሲከተው ኪሱ ተጣበቀ። ሁለቱም ጉድጓዱን ሊያዩ ጽናትን ተከትለው ሄዱ።

"መሐላውስ፣ እትዬ አመተ?" አለ ልብስ ሰፊው። ሰው ሁሉ ይህን ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሌላ እንዲጠይቅ ይጠብቃል።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ቀና አሉ። የመሪጌታ ሚስት ሆነው የኖሩት በከንቱ አይደለም። "እኔ የማልሁት ደጃፏን አልረግጥም ብዬ ነው፤ የገባሁት በአጥር ነው። እህል ውሃዋን አልቀምስም ብዬ ነው፤ የጠጣሁት የኮከቤን ነው። መሐላዬ የትም አልተሰበረ።" ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ የባጃጁ ሾፌር ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳቁ ጋብ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያልተሰበረውን ግን አሁን ልሰብረው ነው፤ ንስሐውን ከነፍስ አባቴ ከአባ አትናቴዎስ ጋር እነጋገርበታለሁ" አሉና የደጃፉን ድንጋይ ረገጡ። እጃቸውን ወደ ሕፃኗ ዘረጉ።

"እማማ!" ብላ ጽናት ከኮከቤ ግቢ በር ጮኸች። "ሳምንት ያህል ሕፃኗን እንዳይነኩ! አሁን ከእርስዎ ይተላለፋል!"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ወር በመሐላ የራቋት ልጅ አጠገባቸው ናት፤ አሁን ደግሞ መሐላው ሲነሣ በሽታው ያዛቸው። መሲ አይታቸው ነበር። ገባችና መቀመጫ ዱካ አመጣች፤ ደጃፉ ላይ፣ ሕፃኗ ፊት ለፊት በምትታይበት በኩል አስቀመጠችላቸው። ተመልሳ ገብታ የገብስ አጥሚት በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወጣች፤ ቅቤ የሌለበት፣ ቀጠን ያለ፣ ለታመመ ሰው የሚሆን። በኃይሉ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ማንኪያውን አነሡ፤ በአፋቸው አዙረው አዙረው ዋጡ።

"ጨው አነሰው" አሉ።

"እጨምራለሁ፣ እማማ" አለች መሲ። ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር፤ ጨው ለማምጣት ግን ፈጠን ብላ ነው የገባችው። ሲና ዓይን ዓይናቸውን እያየች ሳቀች፤ ቢጫው ደስ ያላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ኮከቤ ከመንገዱ ማዶ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ጉድጓዷ በሰው ተከቧል፤ የጤና ሰዎቹ አፉን በቆርቆሮ እየከደኑት ነው፤ ደንበኞቿ ማር የት እንደሚገዙ እየተጠያየቁ ያልፋሉ። በንዴት ነጠላዋን አዙራ ወገቧ ላይ አሰረችና እጇን ወደ ሰማይ አነሣች።

"እትዬ አመተ! ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ደጅ ብረግጥ፣ ከእርስዎ ጋር እህል ውሃ ብቀምስ—"

"አትማዪ፣ ኮከቤ" አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው፣ በቢጫ ዓይናቸው ወዳጃቸውን እያዩ ነው። "አትማዪ፣ እህቴ። መማሉ ቀላል ነው። የማይቻለው ከማሉ በኋላ ያለው ጥም ነው።"